ድምፅ ተከትሎ መሄድ

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሄደው በድምፅ ነበር። በየክፍሉ ገመድ አልባ ስፒከር አለ። ማዕድ ቤት መሄድ ሲፈልግ ሬዲዮውን ማዕድ ቤት ያስጮኸዋል፤ ከዚያ ዜና ወደሚያነበው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲደርስ ያጠፋዋል። ግድግዳ እየዳበሱ መሄድ ለእሱ ሞቱ ነው። “ግድግዳ የሚዳብሰው ሌባ ነው” ይላል።

ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበርና ጣቱን ያምናል። ስፒከሮቹን የሚያዝበት የድሮው ታብሌቱ ጠርዝ ላይ የልብስ ቁልፎች በሙጫ አጣብቄለታለሁ፤ የኮት ቁልፉ ሳሎን፣ የሸሚዙ ማዕድ ቤት፣ የሕፃን ልብሷ ትንሿ ቁልፍ መኝታ ቤት። ቁልፉን ይዳብስና ከጎኑ ያለውን መስታወት ይነካል። የድሮው መተግበሪያ መልከ ጥፉ ቢሆንም ቃሉን አያጥፍም ነበር፤ ማዕድ ቤት ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም ይገኛል። እኔ ፋርማሲ ስውል አባቴ ብቻውን ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ ይጠብቀኛል።

ታላቅ ወንድሜ ግን “ወደ እኔ ቤት ይምጣ” ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ቤት ውስጥ አለቃ ነው የምንለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ማሰማራት ይወዳል። የአባቴ መልስ አንድ ነበር።

“በገዛ ቤቴ መሪ ሳልፈልግ እስከሄድኩ ድረስ የትም አልመጣም። ያቃተኝ ቀን ራሴ እነግርሃለሁ።”

አለቃ ባለፈው ለእረፍት ሲመጣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን አዲስ ስፒከር ይዞ መጣ። እውነቱን ለመናገር አስቦበት ነው፤ እስከዚያ አባቴ ወደዚያ የሚሄደው የጠላውን ግድግዳ እየዳበሰ ነበርና እሱም ደስ አለው። አዲሱ ስፒከር ግን የነባሮቹ ሶፍትዌር ካልታደሰ አልቀላቀልም አለ። አለቃ ደግሞ “አድስ” የሚል ነገር ካየ እጁ አያርፍም፤ ነካው። ስፒከሮቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ ቆይተው ታደሱ። ከዚያ የአባቴ የድሮ መተግበሪያ አንዳቸውንም አላውቃቸውም አለ።

ሻጮቹ ጋ ስንደውል የተሰጠን መልስ አጭር ነበር። ስፒከር አንዴ ከታደሰ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ አዲሱን መተግበሪያ አውርዱ። ስልኩን ያነሳችውን ልጅ በንግግር ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት። የእናንተዎቹ ማይክሮፎን የላቸውም አለች። አፍ ብቻ ናቸው ማለት ነው፣ ጆሮ የላቸውም።

አለቃ አዲስ ታብሌት ገዛ፤ እኔም ቁልፎቹን ነቅዬ እዚያኛው ላይ አጣበቅኩ። ሁለታችንም ጅሎች ነን። አዲሱ መተግበሪያ ጠባዩ ሌላ ነው፤ የሚጫወተውን ክፍል ከሁሉም በላይ ያወጣና የቀሩትን ወደ ታች ይገፋቸዋል። አንዱን በከፈቱ ቁጥር ተራው ይገለባበጣል። ከሸሚዙ ቁልፍ ጎን አሁን የቱ ክፍል እንዳለ የሚያውቀው የሚያይ ሰው ብቻ ነው። አለቃ ቅንብሩን አንድ በአንድ በረበረ፤ ተራውን የሚያስቆም ነገር አጣ። እረፍቱም አለቀ።

“ይለመዳል” አለኝ በሩ ላይ ሲሰናበተኝ።

“ዛሬ የለመደው ነገ ቦታው ላይ ከሌለ ምኑ ነው የሚለመደው?”

“አንቺ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ።”

አባቴ ለመደ አልልም፤ ታገለ። ጠዋት ስወጣ የክፍሎቹን ተራ እነግረዋለሁ። የደንበኛ ልኬት በቃሉ ይይዝ የነበረ ሰው ነው፤ አንዱን በነካ ቁጥር የትኛው ወጥቶ የትኛው እንደወረደ በጭንቅላቱ ያሰላል። ግን ሰው ነው፣ ይረሳል። እየቆየ ሻይ መጠጣት ቀነሰ። ለምን ስለው “አልጠማኝም” ይለኛል። እንዳልሆነ አውቃለሁ። ንዴት አንገቴ ድረስ ይደርሳል፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ።

አንድ ቀን ለምሳ ብቅ አልኩ። ሬዲዮው ማዕድ ቤት ይጮሃል። አባቴ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ በሸሚዙ ወለሉን ያብሳል። ሱሪው ርሷል። መታጠቢያ ቤትን የከፈተ መስሎት ድምፁን ተከትሎ ሄዷል፤ ሲደርስ እጁ ያገኘው ምድጃውን ነው። ከዚያ በኋላ ተራውን እንደገና የሚያሰላበት ጊዜ አልነበረውም፤ ሽንቱ ቀደመው። እኔ ልጁ ፊት እንኳ ኮሌታው ሳይስተካከል ቀርቦ የማያውቅ ሰው ነው።

“ተው አባዬ፣ እኔ አብሰዋለሁ።”

“ሬዲዮውን አጥፊልኝ” አለ። አጠፋሁት። “አሁን ለወንድምሽ ደውይለት።”

“ይሄ እኮ ማንም ላይ የሚደርስ ነው።”

“ቃል ሰጥቼዋለሁ። ደውይ።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። ደወልኩና ስልኩን አባቴ ጆሮ አጠገብ ያዝኩለት፤ የአለቃ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል። አባቴ “አቃተኝ” ሲለው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ምድር ቤት ያለውን ክፍል ቀለም አስቀባዋለሁ፣ ስፒከሮቹንም ነቅለን እናመጣቸዋለን አለ።

“የትኞቹ ክፍሎች ውስጥ እንደማደርግልህ ብቻ ንገረኝ፣ አባዬ።”

“ተዋቸው” አለ አባቴ። እርጥቡን ሸሚዝ እየጨመቀ ነበር። “ያንተን ቤት አላውቀውም። ካስቀመጣችሁኝ ቦታ አልነሳም።”

 ወንድሜ ጥሩ ምቹ ወንበር እንደሚገዛለት ነገረን።