በየሦስተኛው በር

ቲቸር ይመር ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምረን። ዘንድሮ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ሪሰርች ይሥራ አለ። አመላችንን ስለሚያውቅ፣ እናታችሁንና አክስታችሁን ብቻ ጠይቃችሁ «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደገለጹት» እያላችሁ እንዳታመጡብኝ ብሎ አስጠነቀቀ። ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች ቆጥሮ በየሦስተኛው ቤት ማንኳኳት ነው እንጂ የወደዱትን መምረጥ የለም።

እኔና ሃፊዛ የውኃ ፈረቃን መረጥን። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲኬድ ወደ ውስጥ በምትገባው ኮብልስቶን ነው የምንኖረው። ውኃ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ሳትፈልግ ትቀራለች፤ ርእስ ፍለጋ አልደከምንም። ሃፊዛ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ጋሽ ነገሬ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ነው ያሉት። ቤቷ ያለ ፈቃድ የተቀጠለች መሆኗን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ያውቃል። የሃፊዛ እናት አየር ጤና ሰልባጅ ትሸጣለች፤ ከዚያች ቤት ከወጣን እዚህ አካባቢ አቅማችን የሚችለው ሌላ ቤት የለም ትላለች ሁልጊዜ።

አርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሮቹን ቆጠርን። ቆጠራው እንዳይጠፋብን ምልክት እናድርግ አልኩ። ጠመኔ ዝናብ ያጥበዋል። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ ኩቴክስ ነበረኝ፤ ትምህርት ቤት ክልክል ነው፣ እሱን ተዉት። በየሦስተኛው በር ጥግ ላይ ትንሽዬ ኤክስ እያደረግን እስከ ወንዙ ወረድን። የጋሽ ነገሬ በር ሦስተኛ ላይ ዋለ። ሃፊዛ የራሷን ግቢ በር ራሷ ቀባችው፣ እየሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ቆሟል። ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ማታ ሰዎች መጥተው የሚፈርሱትን ቤቶች በቀይ ቀለም ለይተው ሄዱ አለችኝ እማዬ። ኤክስ ያረፈባቸው ያለቅሳሉ፣ ያላረፈባቸው የቤት ካርታቸውን ፍለጋ ገብተዋል። አንዱ ጎረቤታችን ሰዎቹን በዓይኑ አይቷል፤ በነጭ ፒክአፕ ነው የመጡት ይላል። ነጩ ፒክአፕ እንግዲህ እኔና ሃፊዛ ነን።

ለእማዬ የሆነውን ስነግራት እጄን እየጎተተች ጋሽ ነገሬ ጋር ወሰደችኝ። እሳቸው ግን ቀድመው ወስነዋል። ሰርቪሷን ራሴ ካፈረስኩ ትልቁን ቤት ይተዉልኛል ብለው፣ የሃፊዛን እናት እስከ ሐሙስ ልቀቂልኝ ብለዋታል። እኔ ነኝ የቀባሁት አልኳቸው። የሃፊዛን ስም አላነሳሁም። ኩቴክሱን አውጥቼ ጥፍሬን ቀባሁና ከበራቸው ጋር አስተያየሁላቸው።

ጋሽ ነገሬ ጥፍሬንም በሩንም አዩ። «ማን ነው የላከሽ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤቱንስ ማን ላከው?»

ኩቴክሱን ከደንኩት።

«አየሽ ልጄ፣ ድሮ ለቆጠራ ትልቅ ሰው ነበር የሚልኩት። አሁን ብልጥ ሆነዋል። አንቺ ምን ታደርጊ፣ አላወቅሽም።»

ሰኞ የትምህርት ቤት ሥራ መሆኑን እንዲያስረዳልኝ ቲቸር ይመርን ለምኜ አመጣሁት። ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ፋይል በብብቱ ይዞ፣ በየበሩ ቆም እያለ ኤክሱን እያየ መጣ። ግማሹ ሰፈር በሩን ዘጋ። ጋሽ ነገሬ ወንበር አውጥተው «ጌታዬ» እያሉ አስቀመጡት፣ ያለውን ሁሉ እሺ እሺ ብለው ሰሙት። ልክ እሱ ሲወጣ ቆርቆሮ የሚነቅሉ የቀን ሠራተኞች ፍለጋ ሄዱ።

ሐሙስ ዕቃቸው አይሱዙ ላይ ተጫነ፦ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የሰልባጅ ቦንዳ። ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ማዶ አጎቷ ጋር ሊጠጉ ነው። ሃፊዛ ከትምህርት ቤት መልቀቂያዋን ወስዳለች። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መጠይቆቹን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«አንቺ ጨርሺው» አለችኝ። «ስሜን ግን እንዳታስገቢው። እኔም አብሬ እንደቀባሁ እናቴ አታውቅም።»

ከዚያ በኋላ ባንኳኳም በር የከፈተልኝ አልነበረም። ቲቸር ይመር «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ስር፣ ነዋሪዎቹ ለመተባበር ፈቃደኛ አልነበሩም ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ጥሩ ማርክ ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ሰሀር ይላል።

ወራት አለፉ፤ ለማፍረስ የመጣ የለም። ሰርቪሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ጋሽ ነገሬ ጎመን ተክለዋል። ትናንት ሳልፍ ጠሩኝና ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በጊዜ ባላፈርስ ኖሮ ይሄኔ ሜዳ ላይ ነበርኩ» አሉኝ። «ደግሞ መቼ ነው የምትቆጥሩት?»

አላውቅም ጋሽዬ አልኳቸው።

«ገባኝ» አሉ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «አይነገርም አይደል።»