ጾመኛ ቀማሽ

የወንድሜ ሚስት ኡሙሃኒ ደሴ ሆስፒታል እንቅርቷን አስወጥታ ወደ ቆቦ ስትመለስ፣ ከአውቶብስ ወርዳ ገና ሳትቆም በዓይኗ የፈለገችው እኔን ነበር። ናፍቃኝ እንዳይመስላችሁ። ሰላምታዬን በግማሽ ልብ ተቀበለችና ጉንጬን አተኩራ አየችው። እሷ በሌለችበት ወፍሬ እንደሆነ፣ ጓዳዋን በልቼው እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው። ጉንጭ ከየት ይምጣ! ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የገባበት ወር ነው፤ ከጎብዬም ከዋጃም በኩል ያለው ገጠር ተነቅሎ፣ ከነልጁ ከነሽማግሌው በመኪናው መንገድ ዳር ፈስሷል።

እኔም ከዚያ ሕዝብ አንዷ ነኝ። ከዋጃ በታች ያለው ማሳችን ዝናብ ተከልክሎ፣ በሬዎቻችን ተራ በተራ ወድቀው፣ ባሌም ሥራ ፍለጋ ሁመራ ብሎ ሄዶ ወሬው ሲጠፋ፣ ወንድሜ ከማሉዲን "እኔ በሕይወት እያለሁ መንገድ ዳር አትወድቂም" ብሎ ቤቱ አስገባኝ። ኡሙሃኒም በአፏ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብላኛለች። በዓይኗ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ደጅ እንደቆምኩ ነበርኩ።

ኡሙሃኒ የቆቦ ገበያ የጨው ነጋዴ ናት። ከገበያው ወዲህ ጫፍ ሆና ስትጣራ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ዞር ይላል፣ እንዲያ ያለ ድምፅ ነበራት። እንቅርቷ ለዓመታት አብሯት ሲኖር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ትንፋሿን ማነቅ ጀመረ፤ ወንድሜም የጨው ግመላቸውን ሸጦ ደሴ ወሰዳት። ስትመለስ አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ድምጿም የለም። የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ቀስ እያለ ይመለሳል ብለዋታል። እሷ ግን "ቆርጠው አስቀርተውት ነው" አለች። ሐኪሙንም፣ ሹፌሩንም፣ እኔንም በአንድ ዓይን ነበር የምታየን።

የመጣች ዕለት ወንድሜ ፍየሏ ወደታሰረችበት ጥግ ጠርቶኝ፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ነጫጭ ክኒኖች አቀበለኝ።

"ዚነት፣ ቁስሏን ያሰረላት ድሬሰር ነው የሰጠኝ" አለ። "ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ አንዳንዱን ሰው ከንፈሩንና ጣቱን ይነዝረዋል አሉ። ቸል ካሉት እጅ ያኮማትራል፣ ትንፋሽም እስከ መያዝ ይደርሳል። ቀትር ቀትር ላይ አንዷን ፍጭና በወተት ስጫት። ሲብስባት ደግሞ ሌላ ድገሚላት። ለሷ ግን እንዳትነግሪያት፣ አደራ። ፈሪ ናት፣ ይኼን ከሰማች በድንጋጤ ነው የምትሞትብኝ።"

ወንድ ለሚስቱ ሲያዝን እንዲህ ነው፤ ዳፋው የሚያርፈው ሌላ ሴት ላይ ነው። እኔም ሞኟ "እሺ ጋሼ" ብዬ ተቀበልኩት።

ከማሉዲን ሲነጋ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ይወጣል። መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ጀናዛ እየሰበሰቡ ሲቀብሩ ይውላሉ፤ ስሙን የሚያውቅለት፣ ዘመድ ነኝ የሚል የሌለው ነው አብዛኛው። የሚመለሰው ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እስከዚያ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እሷ መደቡ ላይ፣ እኔ በሩ ሥር።

ከከብት የቀረችን አንዲት ፍየል ነበረች። ጠዋት የግራር ፍሬ ለቅሜ አበላታለሁ፤ ቀትር ላይ ኩባያ የማትሞላ ወተት ትሰጠኛለች። ስታለብ እጄ ላይ የፈሰሰውን በአመድ ነው የማብሰው እንጂ አልልሰውም። ረመዳን ነበር።

ስለዚህ ጾም አንድ ነገር ልበል፣ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ተርቧል፣ እኔም ተርቤያለሁ። ረመዳን ሲገባ ግን ረሃቡ የራሴ ሆነ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የተራበች ዚነት የለችም፣ የጾመች ዚነት ናት ያለችው። እህል ያጣሁ ሳልሆን እህል የተውኩ ሰው ነኝ። ባሌንም፣ በሬዎቹንም፣ ቤቴንም የወሰደብኝ ዘመን ይህቺን አልወሰደብኝም፣ ደስ ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ኡሙሃኒ ወተቷን ፊት ለፊቴ ትጠጣ ነበር። አንድ ቀን ግን ኩባያውን አጋድላ ከሥሩ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ስታየው ቆየች። ቀና ብላ እኔንም አየች። ከዚያ ወዲህ "አስቀምጭው፣ ቆይቼ እጠጣለሁ" ማለት ጀመረች። እኔ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ኩባያው ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ኩባያው ባዶ ይሁን እንጂ ሴትዮዋ እየባሰባት ሄደ። ከንፈሯን በጣቷ ስትነካካ፣ እጇን ስታሻሽ ትውላለች። ታዲያ ይኼ ወተት የት ነው የሚገባው? አሁን መጠርጠሩ የኔ ተራ ሆነ። በጓሮ በኩል ለናቷ ወገኖች ታቀብላለች ብዬ አሰብኩ። ውሃ ልቀዳ የወጣሁ መስዬ አጥሩን ዞሬ ቆሜ አውቃለሁ። የመጣም የሄደም አላየሁ።

ጎረቤታችን ሀሊሜ ልትጠይቃት መጣች። "አላህ ይማርሽ፣ አፊያ ያድርግሽ" ብላ ተቀመጠችና ጣቶቿን ይዛ አገላበጠቻቸው።

"አንገትሽን ቆረጡሽ እንጅ እጅሽን ምን አገኘው?" አለች። ቀጥላም ወደኔ ሳትዞር "የምትጠጭውን ማነው የሚያቀርብልሽ?" ብላ ጠየቀች።

እዚያው ነኝ እኮ! ኡሙሃኒም በአገጯ ወደኔ አመለከተች። ሀሊሜ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ ወንዙ ላይ እኔ እንስራዬን ሳወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አነሱ። ሰላም ብላቸው መሬት መሬቱን አዩ። ምን እንደተባልኩ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ከወንዝ ስመለስ ከመደቡ ጀርባ ልጠርግ ጎንበስ አልኩ። ጉንዳን ተሰልፎ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ጉንዳን እንኳ ሰው ቤት ገብቶ የሚያገኘው ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ ተከተልኩት። መደቡና ግድግዳው የሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ ደርቋል። በጥፍሬ ፋቅሁና አሸተትኩት። ወተት ነው።

ደሜ ፈላ። "እታለም! ወተቱን መሬት ታጠጫለሽ? ደጅ ሕፃን የናቱ ጡት ደርቆበት እየሞተ?"

ፊቷ እንኳ አልተለወጠም። "ከሥሩ የምትጨምሪውን ነጭ ነገር አይቸዋለሁ" አለች በዚያ በሹክሹክታ ድምጿ።

"መድኃኒትሽ ነዋ!"

"መድኃኒቴ ከሆነ ምነው በድብቅ?"

አደራውን አፍርሼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድሬሰሩን፣ ወረቀቱን፣ ወንድሜ ያለኝን። ክኒኖቹንም አውጥቼ አሳየኋት። ሰምታኝ ስታበቃ በአፍንጫዋ ሳቀች።

"ሐኪሙ ለታማሚዋ ያልነገረውን ላንች ነገረሽ? ገና ደሴ ሳለሁ አውቄዋለሁ። እኔን ሸኝተሽ ወንድምሽን ለዋጃዋ ኮረዳ ልትድሪው ነው።"

የዋጃዋ ኮረዳ የምትላትን እስከ ዛሬም አላውቃት። ለማንኛውም ወጥቼ ፍየሏን አለብኩ፣ ዓይኗ እያየ ክኒን ፈጭቼ ጨመርኩና ኩባያውን አቀረብኩላት።

"ቅመሽልኝ" አለች።

በኛ አገር ለሰው የሚጠጣ ነገር ሲሰጥ፣ ሰጭው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ለእንግዳም ለታላቅም ይደረጋል። ሌላ ወር ቢሆን ሳትጠይቀኝ አደርገው ነበር።

"ጾመኛ ነኝ" አልኳት።

"አየሽ!" አለች። ደስ ያላት ትመስል ነበር።

"በምላሴ ነክቼ ልትፋልሽ።"

"መርዝም ይተፋል። ዋጭው።"

"እሺ፣ መግሪብ ሲደርስ እጠጣልሻለሁ።"

"እስከዚያ ኩባያውን ትለውጭዋለሽ።" ነጋዴ ናት፣ መልስ አታጣም። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ "ዛሬ ከማሉዲን ሲገባ እነግረዋለሁ። ወይ አንች ወይ እኔ" አለችኝ።

ወንድሜ ማንን እንደሚመርጥ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሚስቱ ናት፣ ታማለች፣ ግመሉን ሸጦላታል። እኔ መንገድ ዳር እወጣለሁ፤ ከዚያም ከቀናቱ ባንዱ እሱው ራሱ ከዚያ አንስቶ ይቀብረኛል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን አልጠጣሁም። ነፍስ ለማዳን ጾም እንደሚፈታ ሸሆቻችን አስተምረውናል፣ ቀንን ቆይቶ መክፈል ይቻላል። ግን ገዳይ ነሽ ብላ ለሰደበችኝ ሴት ብዬ? የቀረችኝን አንዲት ነገር? ኩባያውን ከድኜ አስቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋት።

ብዙም ሳይቆይ ከኋላዬ መደቡ ሲንኳኳ ሰማሁ። ስዞር እጆቿ ታጥፈዋል። ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ገብቶ፣ ልዘረጋቸው ብታገል እንጨት ሆኑብኝ። ከንፈሯ ተወጥሯል፣ ትንፋሿ እየፏጨ ነው የሚገባ። ወተቱን ወደ አፏ ሳቀርበው ጥርሷን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያ ሁኔታዋ ላይ ሆና እንኳ ትጠረጥረኛለች!

"ገደልሽኝ" አለች።

ደነገጥኩ። ለእሷ ብቻ አዝኜ አይደለም፤ እንዲህ ሆና ብትሞት እኔ ለዘላለም መርዛ የገደለች ሴት ነኝ። ኩባያውን ብድግ አደረግሁ፣ ነጩ ዝቃጭ እንዲታያት በጣቴ አማሰልኩትና "እይኝ" አልኳት። ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁ።

ሐሳቤ አንድ ጉንጭ ነበር። ወላሂ አንድ ጉንጭ። ወተቱ ለብ ያለ ነው፣ ቅባቱ ምላሴ ላይ ሲያርፍ ጆሮዬ ጭው አለ። ሁለተኛውን ጉንጭ መቼ እንደዋጥኩት አላውቅም። ኩባያውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አንገቴን ወደኋላ ጥዬ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ጨለጥኩት። ወደ ልቤ ስመለስ ጣቴ የኩባያውን ሥር እየጠረገ ወደ አፌ ይመላለሳል። ከነዝቃጩ ምንም አልተረፈም።

አፈርኩ። በበሽተኛ ወተት ላይ እንዲህ የሆንኩት እኔ ነኝ? ቀና ማለት አቃተኝ። እንደምንም ቀና ስል ኡሙሃኒ ታየኛለች። ጉንጬን አይደለም፣ እኔን ነው የምታየኝ።

"መርዝ እንዲህ አይጠጣም" አለች። ቀጥላም "ወተት ከቀመስሽ ምን ያህል ጊዜሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሌላ ክኒን ፈጭቼ በውሃ አሟሟሁት። እጇ አልታዘዝ ስላላት ራሷን በክንዴ ደግፌ ኩባያውን ከንፈሯ ላይ አደረግሁላት። ስትውጥ ቁስሉ እንደሚያማት ከዓይኗ ያስታውቃል፤ ቢሆንም አፏን ከኩባያው አልነቀለችም። ጨርሳ "ድገሚኝ" አለች። ሁለተኛውንም ሰጠኋት። እጆቿን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳሻቸው ቆየሁ፣ የአስር ሰላት ሳይደርስ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተላቀቁ።

ጣቷ ሲላቀቅ ግን የኔ ጭንቀት ተመለሰ። ከማሉዲን ማታ ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ወተቱ ነው። ምን ልለው ነው? በረመዳን ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚስትህን ወተት ጠጥቼ ጨረስኩት? ባልናገረውስ እሷ ልትናገረው አይደል? መርዛኛለች ማለት ባትችል ቀምታኛለች ማለት አያቅታትም። ይኼኛው ደግሞ እውነት ነው።

አዛን ሊል ሲል ወንድሜ ገባ። እጁና ቀሚሱ የመቃብር አፈር ነው። ተጣጥቦ፣ በመሀረቡ የቋጠራትን የማሽላ ቆሎ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ወተቷን ጠጣች?" አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከኔ በፊት ግን ኡሙሃኒ በክንዷ ተደግፋ ቀና ስትል አየሁና "አለቀልኝ" አልኩ በልቤ።

"እስከ ጭላጩ ጠጣሁት" አለች፣ ድምጿን ለማውጣት አንገቷን ይዛ። "መድኃኒቱንም ነገረችኝ፣ እሱንም ዋጥኩት። አንተ ነህ እንጅ የደበቅኸኝ።"

ወንድሜ ደንግጦ አንድ ጊዜ እሷን አንድ ጊዜ እኔን አየ። ውጭ አዛኑ ተሰማ።

"በል አስፈጥራት" አለችው። "ቀኑን ሙሉ ሳታርፍ ጾሟን የዋለች ሰው ናት።"

ከማሉዲን ቆሎውን መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ኡሙሃኒን አየኋት፤ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም፣ እስክበላ ትጠብቃለች። "ቢስሚላህ" አልኩና ጾም እንደዋለ ሰው አፈጠርኩ።