ባለ ሰባቱ ነው ወይስ ባለ አምስቱ?

ማስታወቂያ በቪዲዮ የምታቀናብረው ሴት አዲሱን ኮምፒውተሯን ባስገባች በሦስተኛው ቀን ሆዷ ሻከረ። ነገሩን የጫረው ጎረቤት ቢሮ ያለው ሁሉን አውቃለሁ ባይ ፎቶ አንሺ ነው። ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን አየና፣ «ይሄ ፕሮሰሰር ባለ ሰባቱ አይመስለኝም፤ ያንቺ ሰው ርካሹን ሳይሸጥልሽ አልቀረም» ብሎ ውልቅ አለ። የሰው አፍ! እሱማ ተናግሮ ሄደ፤ መዘዙ ለእሷ ተረፈ።

ያዘዘችው ባለ ሰባቱን ነበር። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ርካሹ ሦስት፣ መካከለኛው አምስት፣ ውዱ ሰባት፤ የምታውቀው ይህንኑ ነው። የገጠመላት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የታላቅ እህቷ ባል ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ከእህቷ እኩል ያሳደጋት፣ «ጋሼ» የምትለው ሰው። እሱ ካታለላት በዚህች ምድር ማንን ልታምን ነው?

ደውላ ብትጠይቀው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አልጠየቀችም። ኮምፒውተሩን ከፍታ ስክሪኑ ላይ ስለ ፕሮሰሰሩ የሚጽፈውን ማየትም ትችል ነበር፤ ግን ተጠርጣሪ ስለራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት ማን ያምናል? በምሳ ሰዓት በሯን ቆለፈች፣ ሳጥኑን በብሎን መፍቻ ከፈተች፣ ማራገቢያውን ነቅላ አነሳች።

ጉድ! ፕሮሰሰሩ ላይ፣ ልክ ስሙ በተጻፈበት ቦታ፣ ግራጫ ቅባት ተለቅልቆበታል።

«ደፈነብኝ! እንዳላነበው ደፈነብኝ!» አለች። በሶፍት ጠረገችው፤ የልጅ አፍንጫ እንደሚጠረግ፣ ቅንጣት ሳታስቀር። ከሥሩ አምስት ቁጥር ወጣ።

ደሟ ፈላ። ስልኩን አንስታ እህቷ ጋ ደወለች። «እትዬ፣ ባልሽ ሌባ ነው። እኔን እንዲህ ካደረገ አንቺንስ ስንት ነገር ደብቆሽ ይሆን?»  እህቷ «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ማራገቢያውን መልሳ ገጠመችና አበራችው። ኮምፒውተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ጮኸ፣ ድርግም አለ። ደግማ አበራችው፣ ደግሞ ጠፋ። «ጭራሽ የማይረባ ነው ያሸከመኝ» እያለች ለጋሼ ደወለች፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጣ። ከፍቶ አየና ግራ ገባው። «ቅባቱን የት አደረስሽው?»

«የቱን?»

«ሙቀቱን ወደ ማራገቢያው የሚያሳልፈውን ነዋ። ያለሱ እኮ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል።»

«ስሙን ልትደብቅበት መስሎኝ...» አመለጣት።

ጋሼ ቀና ብሎ አያት። ከቦርሳው መርፌ የምትመስል ቱቦ አወጣና አዲስ ቅባት ጠብ አደረገ፣ ማራገቢያውን አሰረ። «ያገኘሁት ባለ ሰባት የዛሬ ስድስት ዓመት የተሠራ ነው» አለ። «የዘንድሮው አምስት ያስከነዳዋል። በተረፈው ብር ሚሞሪ ጨመርኩልሽ። ሳልነግርሽ መቅረቴ ግን የኔ ጥፋት ነው።» ኮምፒውተሩ በራ። ስትሠራው የነበረው ማስታወቂያም ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ተቀነባብሮ አለቀ።

እሷ የምትገባበት ጠፋት። «አፈር ልብላ ጋሼ! ይቅር በለኝ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አለ፣ ብሎኖቹን እየለቀመ። «እህትሽ ግን ዛሬ ጠዋት የኮቴን ኪስ ስትበረብር አገኘኋት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እጇን አስገብታበት አታውቅም። ምን ፈለግሽ ብላት፣ ምንም አለችኝ።»

 እዚያው ለእህቷ ደወለች። «እትዬ፣ ተሳስቼ ነው! በእናቴ፣ ጋሼ ምንም አላደረገም፤ እንዲያውም የተሻለውን ነው የሰጠኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ሰማሽኝ?»

 እህቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጠገብሽ ቆሟል እንዴ?» አለቻት።