የቢሪታ እሺታ

ባራኒኮ ከኮኮነት ዛፍ የወደቀው ጠዋት ከአበባው ግንድ የሚንጠባጠበውን ጭማቂ ሊቀዳ ወጥቶ እየዘፈነ ሳለ ነው። መዝፈኑ የሁሉም ልማድ ነው፤ ዛፍ ላይ ያለ ሰው ድምፁ ከጠፋ ከታች ያሉት ምን ሆነ ይላሉ። ሚስቱ ቢሪታ ዘፈኑ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሰማችና የምትጠብሰውን ዓሣ እዚያው ጥላ ሮጠች። አጥንቱ አልተሰበረም። ሆዱ ግን እያደር ተነፋ፣ ፊቱም አመድ መሰለ።

የደሴቱ ነርስ ኡሪያም ውስጥ ውስጡን እየደማ እንዳይሆን ፈራ። ደግነቱ በዚያው ሰሞን ዶክተር ኮሊን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በትንሿ አውሮፕላን ለጉብኝት መጣ። የባራኒኮን ሆድ ደባበሰና ነገሩን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ያ ደግሞ ዋና ከተማዋ ታራዋ ካልሆነ እዚህ አይሞከርም፣ ከሰዓት በኋላ በምትመለሰው አውሮፕላን አብሮት ከሄደ ሊተርፍ ይችላል፣ የሚቀጥለውን በረራ ግን ሳምንት መጠበቅ ነው።

ስለ ዶክተር ኮሊን አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለ። የኪሪባስን ቋንቋ ከመጽሐፍ ላይ ቁጭ ብሎ ተምሯል፣ ሽማግሌዎቹን በቋንቋቸው ያስቃል። ጉዱም የመጣው በዚሁ ነው። ቋንቋውን አውቃለሁ ብሎ አስተርጓሚ አልፈለገም፤ ኡሪያምን ሌሎቹን በሽተኞች እንዲያይ ላከውና ቢሪታን ራሱ አነጋገራት። ባራኒኮ ክሊኒኩ ውስጥ በተወጋው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ደንዝዞ ተኝቷል።

«ባልሽን ልውሰደው? ትስማሚያለሽ?» አላት።

ቢሪታ ቅንድቧን ወደ ላይ አነሳች። በዚያ አገር ይህ አዎ ነው። ልጅ ለእናቱ፣ ገዢ ለባለሱቅ አዎ የሚለው እንዲህ ነው፤ አዎ ለማለት አፉን የሚከፍት ብዙም የለም። በተለይ በተከበረ ሰው ፊት ድምፅን ዝቅ፣ ቅንድብን ከፍ ማድረግ የጨዋ ሴት ወግ ነው።

ሐኪሙ ግን መልስ ይጠብቃል። በእሱ አገር ቅንድቡን የሚያነሳ ሰው ወይ ደንግጧል ወይ አላመነም። ደንግጣ ነው ብሎ አሰበና ሆዱ መከፈት እንዳለበት ቀስ አድርጎ አስረድቶ ደግሞ ጠየቃት። እሷም አላየኝም ይሆናል ብላ ከበፊቱ ከፍ አድርጋ አነሳችለት፣ ፈገግም አለች። ዶክተር ኮሊን ወደዚህ ሲላክ የሰዎቹን ባህል አክብር፣ በአገሬ ልሙት የሚለውን አታስገድድ ተብሏል። እሷ የፈራችውም ባሏ ባዕድ ምድር እንዳይሞት መሰለው።

«ካልፈለግሽ አላስገድድሽም» አላት።

ምን ዓይነት ትሁት ሰው ነው አለች ቢሪታ በልቧ። ቅንድቧን እንደገና አንስታ አንገቷን ደፋች። እሱም እያዘነ ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ወጣ። እሷ ነገሩ አልቋል፣ ተስማምተናል ብላ ንጹሕ ሽርጡንና ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ጸጉሩን አበጠረችለት፣ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጣ ወደ አውሮፕላኑ የሚወስዳቸውን መኪና ትጠብቅ ጀመር።

የአውሮፕላኑን ድምፅ ስትሰማ እንኳ ሞተሩን እያሞቁት ነው ብላ ነበር። ከዚያ ከባሕሩ በላይ ስትነሳ አየቻት። ኡሪያም ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጥቶ አውሮፕላኗን በሬዲዮ ቢጠራ፣ ቢጠራ መልስ አጣ፤ ሐኪሙ ለምን ጥሏቸው እንደሄደ እሱም አልገባውም።

ባራኒኮ ከመርፌው ሲነቃ ነገሩ ሁሉ በእሷ ላይ ዞረ።

«ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት። ደጋግሜ እሺ አልኩት።»

«ታዲያ ለምን ተወኝ?»

ከዚያ በኋላ ውሃ ስታጠጣው ይጠጣል፣ ስታገላብጠው ይገላበጣል፣ ወደ ፊቷ ግን አያይም። ሊሞት ሲቃረብ እውነት እንድሄድ ፈልገሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ አለቀሰች። እሱ ልቅሶዋን ምን ብሎ እንደተረዳው እግዜር ይወቅ። አውሮፕላኗ ተመልሳ ስትመጣ መቃብሩ ተደፍኖ ነበር።

ዶክተር ኮሊን ከወራት በኋላ ለጉብኝት ሲመለስ ኡሪያምን ይዞ እሷ ቤት ለለቅሶ ደረሰ። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። እንዳዘነ ነገራት፣ ከዚያም ያን ቀን እምቢ ስትለው አጥብቆ ባለመጨቅጨቁ ራሱን እንደሚወቅስ ነገራት።

ቢሪታ ወደ ኡሪያም ዞረች። ኡሪያምም መቼ ነው እምቢ ያለችው ሲል ጠየቀው። ሐኪሙ አንዲት ቃል እንዳልወጣት፣ ቅንድቧን ብቻ እያነሳች ዝም እንዳለችው ተናገረ። ኡሪያም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ነገሩን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አላስፈለገውም። ዶክተር ኮሊን ሰምቶ ሲጨርስ ያ ሁሉ የተማረው ቋንቋ ጠፋበትና በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር አጉተመተመ፤ ከዚያም እንደ ልጅ አለቀሰ።

ቢሪታ እስኪወጣለት ጠበቀችው። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው አልመጣላትም። ውስጧን ይበላት የነበረው የሐኪሙ ነገር አልነበረም። ብድግ አለችና ከቤቷ ጎን በነጭ ጠጠር የተከበበውን መቃብር በእጇ አሳየችው።

«ይነሱ፣ ዶክተር» አለችው። «እሺ ብዬዎት እንደነበር በኛ ቋንቋ ለባራኒኮ ይንገሩት። እኔን አላመነኝም።»