ጥቁር ውኃ ዳር የተመረቀው ገበያ

ይሻውን የናቅሁት ጎርፉ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ቀድሞም እንቀው ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችውን ትንሽ ከተማችንን እንዲያስተዳድር ተሹሞ የመጣ ዕለት ከመኪናው በር ላይ ቆሞ ቀረ። መሬቱ ጭቃ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው መረማመጃ ድንጋይ ደረደሩለት። እሱም ድንጋዩን እየረገጠ አለፈ፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲያ ለእኔ ሰው አልነበረም።

ሥራዬ ዝናብ መለካት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በሽቦ የታጠረች ቦታ አለችኝ። በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ገብቼ በመለኪያው የተጠራቀመውን ውኃ አያለሁ፤ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ መዝገብ ላይ ጽፌ በስልክ አስተላልፋለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ “ዓይናለም ዝናቧ” ይለኛል። የአሥር ቀኑ የአየር ትንበያም ለአስተዳደሩ የሚደርሰው በእኔ በኩል ነው።

በዚያ ሰኔ ይሻው የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ አዲስ የከብት ገበያ ለማስመረቅ ይጣደፍ ነበር። ገበያችን ከጥንት ጀምሮ የሚቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ተረተር ላይ ነው፤ ድንጋያማ፣ ነፋስ የሚገርፈው፣ ግን ደረቅ። ይሻው “ይህ ለዘመናዊ ገበያ አይመጥንም” አለና ወደ ጥቁር ውኃ ዳር አወረደው። ጥቁር ውኃ ከጉና የሚነሣ ወንዝ ነው። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ በክረምት ግን በሬ ይዞ ይሄዳል። በዳሩ ያለው መስክ ለምን እንደዚያ ለጥ እንዳለ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የደለደለው ወንዙ ራሱ ነው። ይሻው ግን የታየው ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ብቻ ነበር። በረት አሳጠረ፣ የሲሚንቶ መድረክ አሠራ፣ ትልቅ የብረት በር አቆመ። በሩ ላይ የራሱን ስም ለመጻፍ ትንሽ ነው የቀረው።

ምርቃቱ ለቅዳሜ ሰኔ ሃያ ስድስት ተቆረጠ። ሐሙስ ጠዋት ትንበያው ደረሰኝ። በደቡብ ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች ከመደበኛው በላይ የሆነ፣ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ከነጎድጓድና ከኃይለኛ ነፋስ ጋር እንደሚጠበቅ፣ በወንዞች ዳርም ድንገተኛ ጎርፍ ሊከሰት እንደሚችል ይላል። ወዲያው ጉና ላይ የሚለካው ባልደረባዬ ዓለምነው ደወለ። በአንድ ሌሊት ስልሳ አንድ ሚሊሜትር ጥሏል። መሬቱ ጠግቧል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድሁ። ይሻው የሪባን ቀለም እየመረጠ ነበር።

“አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?” አለኝ። የታላቅ እኅቱ ታላቅ ብሆን ነው።

ወረቀቱን ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አነበበና ፈገግ አለ።

“ጎርፍ ‘ሊከሰት ይችላል’ ነው የሚለው። ሊከሰት ይችላል ማለት ላይከሰትም ይችላል ማለት ነው። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ነገር ሕዝብ ታሸብራላችሁ?”

“ምርቃቱ ሳምንት ይቆይ፤ ካልሆነም ሰዉ ከብቱን ወደ ወንዙ እንዳያወርድ ይነገረው” አልሁት።

“እንግዶች ጠርቻለሁ። እንግዳ ለደመና ብሎ ይመለሳል?” ወረቀቱን አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። “ከምርቃቱ በኋላ እናየዋለን። እስከዚያው አፍሽን ያዢ።”

“ጥቁር ውኃ ምርቃትህን አይጠብቅም” ብዬው ወጣሁ።

በሩ አጠገብ ሙሉ የምትባለው ሻይ ታፈላለች። በቢሮው ግቢ ለሠራተኛው ሻይ የምትሸጥ፣ ይሻው የሚልካት፣ እኛም “የይሻው ጆሮ” የምንላት ሴት ናት። ማን ምን እንዳለ የምታደርሰው እሷ ናት ይባል ነበር።

“እትዬ ዓይናለም፣ ዝናብ አለ እንዴ? ቅዳሜ ዕቃዬን ወደ መስኩ አውርጂ ተብያለሁ” አለችኝ።

“አለቃሽን ጠይቂው” አልኋትና ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት አለፍሁ።

በቀጥታ ሐጂ ዩኑስ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ከገበያው ነጋዴ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው፤ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

“ጉና ስንት ጣለ?” አሉኝ።

“ስልሳ አንድ።”

“በአንድ ሌሊት?”

“በአንድ ሌሊት።”

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። “አባቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ለዚያ ወንዝ ሦስት አህያ ጭነት ጨው ሰጥተውታል። እኔ አልጨምርለትም። እኔ ካልወረድሁ ሌላውም አይወርድም፤ አንቺ ወደ ገበሬው ሂጂ።”

ዕለቱ ተክለ ሃይማኖት ስለነበር ገበሬው ቤተ ክርስቲያን ውሎ ነበር። የዕድሩን ዳኛ አባ ባዩን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘኋቸው። ወረቀቱ ምን እንደሚል ስነግራቸው በእኔም ተናደዱ።

“ጉና ከተሸፈነ ሦስት ቀኑ ነው። ይችን ለማወቅ ወረቀት ያስፈልጋል?”

“ለይሻው ያስፈልጋል ብዬ ነው፣ አባቴ።”

“ለእሱስ ወረቀትም አይበቃው” አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። “ስሙኝ! ቅዳሜ ከብት የምትሸጡ በተረተሩ ላይ አቁሙ። ወንዝ ዳር የወረደ ሰው ኋላ መጫኛህን ጣልልኝ ብሎ እንዳይጣራ!”

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። በተረተሩ ላይ ገበያው ጢም ብሎ ቆመ፤ በሬው፣ በጉ፣ ድንቹ፣ የሐጂ ጨው። ታች መስኩ ላይ ደግሞ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፤ የተቀመጡት ግን ሦስት እንግዶችና በግድ የወረዱ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። በረቱ ውስጥ ለማሳያ የተዋሷቸው ሦስት በሬዎች ቆመዋል። በደመወዝ የታዘዘ ሕዝብ አጨበጨበ። ይሻው ድምፅ ማጉያውን ያዘ፤ የሚለው እስከ ተረተሩ ይሰማን ነበር።

“አንዳንድ ሟርተኞች ዝናብ ይመጣል ሲሉ ከርመዋል። ይኸው ፀሐይ! ልማታችንን ፈጣሪም ደግፎታል!”

እኔ ወደ ጉና አየሁ። ተራራው የለም፤ በቦታው ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። ሞኝ ሰው ዝናብ ከአናቱ በላይ ካላየ የዘነበ አይመስለውም።

ስምንት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። ድንኳኑን ከነካስማው ነቅሎ አጥሩ ላይ ሰቀለው። በረዶ ተከተለ። በረዶው ሲቀንስ ከላይ ከገደሉ በኩል ድንጋይ የጫነ መኪና የሚገለበጥ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አባ ባዩ “ውኃው መጣ!” ብለው ጮኹ።

ታች ያለው ሰው ሮጠ። ከሁሉም ቀድሞ የሮጠው ይሻው ነው። እንግዶቹን ጥሎ፣ ሪባን የያዘችውን ልጅ በክንዱ ገፍትሮ፣ ሽቅብ በአራት እግሩ ወጣ። ተረተሩ ላይ ሲደርስ ያለው “ስልክ የሚሠራለት ማነው?” ብቻ ነው።

ሙሉ አልሮጠችም። ጎንበስ ብላ ብርጭቆዎቿን ትሰበስብ ነበር። ቀና ስትል ውኃው ጉልበቷ ላይ ደርሷል። የበረቱ አግዳሚ እንጨት ተነቅሎ መጣና እግሯን መታት፤ ወደቀች። አባ ባዩና አራት ጎረምሶች መጫኛ ይዘው ወረዱ። እኔም ወርጄ የገመዱን ጫፍ ከሐጂ ጋር ያዝሁ። ውኃው በሬዎቹን ሲወስድ አየሁ፤ ሁለቱ ሄዱ፣ አንዱ በመድረኩ ላይ ወጥቶ ተረፈ። ሙሉን አንዱ ጎረምሳ በቀሚሷ አንቆ ጎተታት። ስትወጣ አጥንቷ በቆዳዋ በኩል ይታይ ነበር። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ።

ሰኞ ይሻው አስጠራኝ። የተዘጋጀ ደብዳቤ ገፋልኝ። ትንበያው ለአስተዳደሩ የደረሰው ከምርቃቱ በኋላ እንደሆነ ይገልጻል፤ ከሥሩ ስሜ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቷል።

“ፈርሚ።”

“ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በእጅህ ሰጥቼሃለሁ። መሳቢያህን ሳበው።”

“ሥራሽን ታጪያለሽ።”

“ዝናቡን ማን ይለካልሃል? አንተ? አንተኮ መለኪያውን ዘቅዝቀህ ይዘህ ድርቅ ነው ትላለህ።”

ሳልፈርም ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ይሻው በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁት፤ “የቅድመ ማስጠንቀቂያ መረጃውን በወቅቱ ለኅብረተሰቡ በማድረሳችን የሰው ሕይወት አልጠፋም” አለ። ሐጂ ሬዲዮኑን ዘጉና ደጅ ወጥተው እንትፍ አሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ይሻውን ከፍ ወዳለ ወንበር አዛወሩት። ሽኝት ተደረገለት፤ ጋቢ ተሸለመ። እኔ አልሄድሁም።

ሙሉ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳቦና ወተት ይዤ ሄድሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት።

“ሐሙስ ጠይቄሽ ነበር” አለች።

“ጠይቀሽኛል።”

“ለሐጂ ነገርሻቸው። ለአባ ባዩ ነገርሻቸው። ተረተሩ ላይ አህያው እንኳ ያውቅ ነበር።”

ወተቱን ከራስጌዋ አኖርሁት።

“ጆሮው ናት ትሉኛላችሁ። እሱ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ‘ሻይ’ ነው የሚለኝ። ምን ላደርስለት? አንቺ ደግሞ ቆመሽ ልትመልሽልኝ እንኳ ተጠየፍሽኝ። እሱን ትንቂዋለሽ፤ በምን እንደምትለዪ ግን አላውቅም።”

ይቅርታ በይኝ አልኋት። ዳቦውን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። ይሻውን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ እሱን የሚያስተወኝ የለም። ያን ሐሙስ ከበሩ ላይ ያለፍሁበትን አኳኋን ግን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ገበያው በተረተሩ ላይ ቀጥሏል። ሙሉም እያነከሰች ተመልሳለች፤ ሻይዋን ከሐጂ ሱቅ ጎን ታፈላለች። አሁን ትንበያ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምነግረው ለእሷ ነው። ትሰማኛለች፤ ሻዬን ትቀዳልኛለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም።