ወተት ያረክሰዋል

አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። ሆሳዕና ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ግን ሆመቾ አጠገብ ነው፤ በቤታችን የሚነገረው ሀዲይኛ ብቻ ነበር። አማርኛን ያገኘሁት ከካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከመማሪያ መጽሐፍና ከጸሎት መጽሐፍ ነው። የመጽሐፍ አማርኛ እንጂ የጓዳ አማርኛ አልነበረኝም። ያኔ ይህን ደፍሮ የነገረኝ ሰው ቢኖር ዓመት ሙሉ አኮርፈው ነበር።

በ1977 ክረምት ልጄ ሂሩት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሦስት ጥርሶቿ ጠቁረው ተቦርቡረዋል። ከውጭ አገር የመጣ የጥርስ ሐኪም በሚሲዮኑ ክሊኒክ ለአንድ ወር ያክም ስለነበር ወሰድኳት። አንዱን ነቀለላት፤ ሌሎቹ እንዳይበሰብሱ ፍሎራይድ የሚባል ኪኒን አዘዘላት። የሚናገረውን የሚያስተረጉሙልኝ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢው አቶ ወልደኪዳን ነበሩ፤ አዛውንት ናቸው፣ ሲናገሩ ቃል መምረጥ ይወዳሉ።

"በቀን አንዲት። ማታ ጥርሷን ካጸዳች በኋላ ታኝካት" አሉኝ። "አንዲት ካልኩ አንዲት ነው። ለሌላ ልጅ አይሰጥም፤ በእሷ ዕድሜና ክብደት ነው የታዘዘው። እጇ የማይደርስበት ቦታ ቆልፈሽ አስቀምጪው። ደግሞ ኪኒኑን ከመውሰዷ አንድ ሰዓት በፊትም፣ አንድ ሰዓት በኋላም ወተት እንዳትቀምስ። ወተት ያረክሰዋል።"

ያረክሰዋል። ቃሉን አውቀዋለሁ ብዬ አለፍኩት። ርኩስ መንፈስ፣ ርኩሰት፣ ስንት ጊዜ በቃሌ የወጣሁት ነው! ወተት ኪኒኑን ወደ ክፉ ነገር ይለውጠዋል ማለት ነው አልኩ በልቤ። አስተማሪ ሆኜ "ምን ማለትዎ ነው?" ብዬ ልጠይቅ? እንዴት ተደርጎ!

ማታ ማታ ኪኒኑን ስሰጣት ወተት የነካ ዕቃ ሁሉ ከአጠገቧ አርቅ ነበር። ሌላውን ትእዛዝ ግን አቃለልኩት። የሚቆለፍ ነገር ስላልነበረኝ ጠርሙሱን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ሂሩት ጥርሷን ከነቀላት ሰው የመጣ ነገር አልቀምስም ብላ ስታስቸግረኝ ደግሞ "ከረሜላ እኮ ነው" አልኳት። ያን ጊዜ ስኳር እንኳ በቀበሌው ሱቅ ተመጥኖ ነው የሚታደለው፤ ከረሜላማ ልጄ በዕድሜዋ ስንቴ ቀምሳው! ኪኒኑ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ ራሷ ታስታውሰኝ ጀመር፤ እኔም ጎበዝ እናት የሆንኩ መሰለኝ።

በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ባለቤቴ ሀብቴ ለሰፈራ ዘመቻ ወለጋ ከተላከ ሁለት ወሩ ነበር። ከስብሰባ መቅረት አይታሰብም፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ሂሩት ተኝታ ስለነበር ለጎረቤቴ ለእትዬ ተናኜ አደራ ብያት ሄድኩ። የእትዬ ተናኜ ዘመዶች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ባሏ በንጉሡ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከለውጡ ወዲህ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን የሚያያት ስለሚመስላት ሰላምታ እንኳ የምትሰጠው ፈራ ተባ እያለች ነው። ለእኔ ግን ደግ ጎረቤት ነበረች።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሂሩት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩ ከመደርደሪያው ሥር ተጠግቷል፤ ጠርሙሱ ክዳኑ ተከፍቶ ጭኗ ላይ ተኝቷል። አገጯ በምራቅ ርሷል።

"እማዬ፣ ሆዴን" አለችኝ።

"ኪኒኑን በላሽው እንዴ? ስንት በላሽ?"

"ከረሜላውን? ጨረስኩት።"

ጠርሙሱ መቶ ፍሬ የያዘ ነው። እኔ የሰጠኋት ቢበዛ ሃያ ነው። ሰማንያ! ጠርሙሱን አንስቼ ገለበጥኩት፤ አንድም ፍሬ አልወጣም። ከዚያ ጮህኩ።

እትዬ ተናኜ ጩኸቴን ሰምታ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። "ላሟን ላልብ ዘወር ባልኩበት!" አለች። ጠርሙሱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ተመልሳ ሮጠች። ወቅቱ ፍልሰታ ነበርና እሷ ቤት የሚታለበው ወተት የሚጠጣው አጥቶ ለቅቤ ይጠራቀማል። ያን ሰዓት ያለበችውን፣ ገና ትኩሱን፣ በጣሳ ይዛ መጣችና ሂሩት አፍ ላይ ደገነችው።

"ጠጪ የኔ እናት። ወተት ማርከሻ ነው፤ የበላችውን ያረክሰዋል።"

ያው ቃል! ሰማንያ ኪኒን ልጄ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል፣ ይህች ሴት ደግሞ በላዩ ላይ ልታረክሰው! ጣሳውን በእጄ መታሁት። ወተቱ ወለሉ ላይና የእትዬ ተናኜ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

"ልጄን እንዳታረክሺብኝ!" ብዬ ጮህኩባት። "በዚህ እጅሽ እንዳትነኪያት!"

እትዬ ተናኜ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ጠርሙሱን ይዤ፣ ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ክሊኒኩ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ ጭቃ ነው። ሂሩት ጀርባዬ ላይ አስመለሳት፤ ትኩሱ በአንገቴ ወረደ። ከዚያ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከለቅሶዋ ይልቅ አስፈራኝ። "ስምሽ ማነው?" እላታለሁ። "ሂሩት" ትላለች ቀስ ብላ። አሥር እርምጃ ሄጄ ደግሞ እጠይቃታለሁ። አንዴ ሳትመልስልኝ ቀረች። ሞተች አልኩ። እግሯን ቆነጠጥኩት፣ አለቀሰች። ልጄን አሳምሜ እሰይ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጸልይ ብዬ በቃሌ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ፤ በሀዲይኛ አምላኬ፣ አምላኬ ብቻ አልኩ።

የውጭው ሐኪም ወሩን ጨርሶ ሄዷል። አቶ ወልደኪዳን ጠርሙሱን ከእጄ ሲቀበሉ ፊታቸው ተለወጠ። ሂሩትን አስተኝተው የእጇን ምት ያዙ።

"ወተት አጠጣሻት?"

"ኧረ ጠብታ አላስቀመስኳትም!" አልኩ፤ እንዲያመሰግኑኝ እየጠበቅሁ። "ጎረቤቴ ልታጠጣት ስትል ደፍቼባታለሁ። ያረክሰዋል ብለውኝ የለ!"

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ።

"አንቺ ሴት! እንዲያረክሰው እኮ ነው የምንፈልገው! ያረክሰዋል ማለት ኃይሉን ይሰብረዋል፣ ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም አያሳልፈውም ማለት ነው። ማታ ማታ የከለከልኩሽ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይሠራ እንዳይቀር ነው። ዛሬ ግን ሥራ ከሠራ ልጅሽን ይገድላታል!"

ክሊኒኩ ወተት አልነበረውም፤ የእርዳታው የዱቄት ወተት ባለፈው ሳምንት አልቋል። ዘበኛውን ወደ ሚሲዮኑ መነኮሳይያት ቤት ወተት ፍለጋ አስሮጡትና እሳቸው መርፌ ወደማዘጋጀት ገቡ። "ጣቶቿን ተመልከቺ" አሉኝ። "መኮማተር ከጀመሩ ጥሪኝ።" ጣቶቿን ተመለከትኩ። ትንሿ ጣት የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። አልተንቀሳቀሰችም። ደግሞ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ኩራቴ ነው የገደላት እያልኩ ተንበርክኬ ዓይኔን ሳልነቅል ጣቶቿን አየሁ።

በሩ ተከፈተ። ዘበኛው መስሎኝ ዞርኩ፤ እትዬ ተናኜ ነበረች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነችውን ጆግ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወደ እኔ አልተመለከተችም።

"የጠዋቱ ነው" አለች። "እጄን ከተጸየፍሽው በገዛ እጅሽ አጠጫት።"

ኩባያ አነሳሁና ወደ እሷ ዘረጋሁት።

"እትዬ" አልኳት፣ "አንቺ አጠጪልኝ። በአንቺ እጅ።"

ያኔ አየችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሂሩትን ራስ በክንዷ ደገፈችና ትንሽ ትንሽ አስጎነጨቻት። ልጅቷ መልሳ አወጣችው። እትዬ ተናኜ የልጅቷን አፍ በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና አስጎነጨቻት። ጆጉ ሲጋመስ ሂሩት ማስመለሷን ተወች። አቶ ወልደኪዳን በየጥቂት ደቂቃው ምቷን እየያዙ፣ እኔ በእሳቸው ፊት ላይ ሞቷን እየፈለግሁ ቆየን።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እጇን ለቀቁት። "ብዙውን አስመልሳዋለች፤ የቀረውን ወተቱ ይዞታል" አሉ። "ሌሊቱን እዚህ ሆኜ አያታለሁ። ተርፋለች ግን።"

እሳቸው ሲወጡ ለእትዬ ተናኜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያረክሰዋል የሚለውን ቃል በምን እንደተረጎምኩት፣ ወተቱ መድኃኒቱን ርኩስ የሚያደርገው መስሎኝ እንደፈራሁ።

"መድኃኒቱን ነው እንዴ ያልሽው?" አለችኝ። "እኔን አይደለም?"

"አንቺን አይደለም እትዬ።"

"እኔ ደግሞ የቤቴን ወተት፣ የኔን እጅ ርኩስ ያልሽኝ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ መጣሁ።"

"እንደዚያ መስሎሽ ነው ይህን ሁሉ ጭቃ አቋርጠሽ ወተት ይዘሽ የመጣሽው?"

የሂሩትን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳብ አደረገችላት።

"ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች?" አለችኝ።