መብራት ያጠፋብን ቤት

የጋሽ ጋዲሳ ቤት ባዶ ነበር። ከዚህ ልጀምር፤ እኛ ጎረቤቶቻቸው ይህን ያወቅነው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እናንተን ግን እንደኛ ማንገላታት አልፈልግም።

ይመር እባላለሁ። ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ፤ ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ አሸንዳ። ሱቄ ከጋሽ ጋዲሳ በር ፊት ለፊት ስለሆነ የግቢያቸውን ወሬ ከባለቤቱ በፊት የምሰማው እኔ ነኝ። አሁን አሁን የሰፈሩ ግማሽ ቤት ባለቤቱ ውጭ ነው። ቤታቸውን በስልክ ነው የሚያኖሩት። ሣሩ ታጨደ ወይ? ሮቶው ታጠበ ወይ? ፎቶ ላክ፣ ቪዲዮ ላክ። ዕቃ የሚገዙኝ እነሱ ስለሆኑ መማረር አልነበረብኝም፤ ግን እማረራለሁ።

ጋሽ ጋዲሳ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዕድራችንን ለብዙ ዘመን በዳኝነት መርተዋል። መቼም እንደሳቸው ያለ ኮስታራ ዳኛ አላየሁም። በሠርግ ቢቀሩባቸው ዝም ይላሉ፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን በስብሰባ መሐል ያስነሡና ላብ በላብ ያደርጉታል። «ለቅሶ የማይደርስ ሰው ሰፈር ውስጥ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ አስነሥተውኛል፤ አልረሳሁትም።

በኋላ ዳሌያቸው ታመመ። ጆሯቸውም ከመክበዱ የተነሣ በስልክ ማነጋገር የማይታሰብ ሆነ። ልጃቸው ዱሬቲ የምትኖረው ኖርዌይ ነውና ለሕክምና ወሰደቻቸው። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሸኛቸው። ከሁሉ በላይ ያለቀሱት ጋሽ ተክለሃይማኖት ነበሩ፤ ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ቤት ባለቤት፣ የወይዘሮ አልማዜ ባል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ባይወለዱም ጎን ለጎን አርጅተዋል። አንዱ ሳይኖር ሌላውን ጠርተን አናውቅም።

ዱሬቲ ጠንቃቃ ልጅ ናት። ቤቱን ላለማከራየት ወሰነች፤ አባቷ ሲመለሱ የገዛ አልጋቸው ላይ እንዲተኙ። ከቤቴል ያደሳ የሚባል ሰው ቀጠረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ቤቱን የሚያይ። ሥራውን አይቻለሁና አልዋሽም፤ ሰውየው ጎበዝ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት አሸንዳው ውስጥ የረገፈውን የአቮካዶ ቅጠል ይጠርጋል። ጣሪያው ላይ ዝገት የጀመረውን ቆርቆሮ ፍቆ ይቀባል። መስኮቶቹን ከፍቶ ቤቱን ያናፍሳል፣ ግድግዳው ሻጋታ እንዳይዝ። ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ይለቃል፤ የማይለቀቅበት ሽንት ቤት ውስጡ ያለው ውሃ ይደርቅና ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ይህን የማያውቁ ስንት ባለ ቪላዎች አሉ።

የሌባው ጉዳይ ግን ዱሬቲን እንቅልፍ ነሳት። ባዶ ቤት መሆኑ ከታወቀ አለቀ። ስለዚህ ከኖርዌይ ታይመር ላከች፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በሞሉት ሰዓት መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ። ያደሳ የሳሎኑን መብራትና ሬዲዮኑን በዚያ ላይ ሰካቸው። ማታ ሲመሽ ይበራል፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ይጠፋል። ሽቦው ላይ የአባቷን ጋቢ እንዲያሰጣ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ቦታውን እንዲቀይረው፣ በረንዳው ላይ ጫማቸውን እንዲያስቀምጥ አዘዘችው። «ቤቱ ባዶ ነው የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ» አለችው። አልወጣም።

እንግዲህ እኛ ምን እንበል? ማታ መብራት ይበራል፣ ሬዲዮ ያወራል፣ ጋቢ ሽቦ ላይ ይሰጣል። ጋሽ ጋዲሳ ተመልሰዋል፤ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ታዲያ ለምን ተደበቁ? አንዱ ታመው ነው አለ። ሌላው ሰው ውጭ ሲኖር ጸባዩ ይለወጣል፣ ጎረቤት ይሸተዋል አለ። እኔ ያደሳን ሲሊኮን ሊገዛ ሲመጣ ያዝኩት።

«ስማ፣ ሽማግሌው መጡ እንዴ?»

«ቤቱ ደህና ነው» አለኝ።

«ቤቱን ማን ጠየቀህ?»

«ደህና ነው ጋሼ። ነጩ ሲሊኮን ይሁንልኝ።»

ከዚህ በኋላ ምን ትጠይቀዋለህ?

ጋሽ ተክለሃይማኖት የሞቱት በዚያው ሰሞን ነው። አመመኝ ብለው ተኙ፣ አልተነሡም። እንደሚታወቀው እንዲህ ያለ የቅርብ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ገና ጎሕ ሲቀድ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ቤቱ ይሄዳሉ፣ ያስቀምጡታል፣ ደግፈው ይዘው ያረዱታል። ስለዚህ የዕድሩ ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ ጋሽ ጋዲሳን ልናረዳ ከቀብሩ በፊት በማለዳ በራቸው ላይ ቆምን።

ሳሎኑ ውስጥ መብራት በርቷል። ሬዲዮኑ ያወራል። ነቅተዋል ማለት ነው አልን። አንኳኳን። መልስ የለም። ጆሯቸው ከባድ ነው ብለን በድንጋይ ደበደብነው። ያን ጊዜ ሬዲዮኑ ቀጥ አለ፣ መብራቱም ጠፋ። ዓይናችን እያየ።

ብርዱ ላይ ቆመን ተያየን። ለቅሶ ቀራችሁ ብለው ሲያዋርዱን የኖሩ ሰው፣ የወንድማቸው ያህል ሰው ሞቶ መብራት አጠፉብን። ተመለስን። ቀብሩ ላይም አልታዩም፣ ድንኳኑም አልመጡም። ወይዘሮ አልማዜ ግን ለቅሶው እስኪያልቅ ድረስ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እያሉ በሩን ያዩ ነበር። እኔ ተናደድኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ያደሳ በቀጣዩ ቅዳሜ ሲመጣ ድንኳኑ ተነሥቷል። እኛም አኩርፈነው ስለነበር የነገረው የለም።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ጋዲሳ በር ላይ ታክሲ ቆመና ዱሬቲና አባቷ ሻንጣ ይዘው ወረዱ። ጋሽ ጋዲሳ ከዘራ ይዘዋል፤ ግን በእግራቸው ይሄዳሉ። ሰፈሩ አየ። «ደግሞ የት ከርመው መጡ?» አለ፣ ወደ ጉዳዩም ተመለሰ።

እሑድ ዱሬቲ ወንበር ተከራይታ በረንዳውንና ግቢውን ሞላችው። በግ አሳረደች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጋሽ ጋዲሳ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። እኝህ ሰው ኖርዌይን ትተው የመጡት ለዚህ ነው፤ ቀሪ ዕድሜያቸውን ከኛ ጋር ሊጨርሱ፣ እኛው እንድንቀብራቸው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በደጃቸው አለፈ። ሰላምታ የሰጠ የለም። ቀትር ሆነ። ወንበሮቹ እንዳሉ ናቸው። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። አልሄድኩም። ይበላቸው አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዱሬቲ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሽ ይመር፣ ምን አደረግን? አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳን አልቀመሰም። ሰው ሲመጣ አብሬ እበላለሁ ይላል።»

«ሰው ሲያንኳኳ መብራት የሚያጠፋ ቤት ማን ይመጣል?»

«የቱን መብራት?»

«የሳሎናችሁን ነዋ! ሬዲዮኑንም ጭምር። ጎሕ ሲቀድ፣ በራችሁ ላይ ቆመን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ማን አጠፋው? ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም እኮ! አባዬ ከኔ ጋር ኦስሎ ነበር። ትናንት ነው የመጣነው።» ከዚያ ወደ ሳሎናቸው መስኮት ዞረች። «ታይመሩ ነው» አለች። «ማታ እንዲጠፋ ነበር የተሞላው። ግን እዚህ መብራት በሄደ ቁጥር እሱም ይቆማል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ያደሳ ቅዳሜ ሲመጣ ነው የሚያስተካክለው። በመሐል መብራት ደጋግሞ ከሄደ ግን…»

መብራት ደግሞ ያን ሰሞን እንዴት ይሄድ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ መጥፋት የነበረበት ዕቃ እየዘገየ እየዘገየ ማለዳ ላይ ደረሰ፤ እኛ ስናንኳኳ ጠፋ። ያው ዕቃ ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል፤ እሸጠዋለሁ። እሱ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሰው ክፉ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል።

«ለመሆኑ በማለዳ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለችኝ ዱሬቲ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ከትከሻዋ በላይ ጋሽ ጋዲሳ ታዩኝ። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ መንገዱን እየተሻገሩ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ። ሰፈር ሁሉ ቢጠላቸው ወዳጃቸው አይጠላቸውም። ባንኮኒውን ዞሬ እስክወጣ ድረስ የወይዘሮ አልማዜን በር አንኳኩተዋል።

ወይዘሮ አልማዜ ከፈቱ። ከል እንደለበሱ ናቸው። ሲያዩዋቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አሁን መጡ?» አሉ እጃቸውን ሳይዘረጉ። «አሁን ነው የሚመጡት ጋሽ ጋዲሳ?»

ጋሽ ጋዲሳ አልሰሙም። ፈገግ ብለው ነበር የቆሙት። «እንደምን ነሽ አልማዜ? ተክሌን ጥሪልኝ እስቲ። ሰው ሁሉ አኩርፎኛል፤ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። እሱ ይወጣና ይስደበኝ፣ ቢያንስ ጥፋቴን ይነግረኛል።»

ወይዘሮ አልማዜ ባሉበት ደነገጡ። ያኔ ነው የገባቸው፤ ሰውየው አያውቁም። ለወራት ሲያብላሉት የኖሩት ወቀሳ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ማን ይንገራቸው? ጆሯቸው ለማይሰማ ሰው መርዶ ማርዳት ማለት መንገድ ላይ ቆሞ መጮኽ ነው። የባሏን ሞት ጮኻ የምትናገር ሚስት የት አለች? ወይዘሮ አልማዜ ወደኔ ዞሩ። እኔም ጠጋ አልኩ።

ጋሽ ጋዲሳ ግን ዓይናቸው ደህና ነው። የወይዘሮ አልማዜን ልብስ አዩት፣ ከሻሻቸው እስከ ጫማቸው።

«ከል ነው የለበስሽው» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ነው?»

ወይዘሮ አልማዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ማን ነው አልማዜ?»

እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ጋዲሳን እጅ ያዙ። ከዘራው ወደቀ። ከኋላ ሄጄ ብብታቸው ሥር ገባሁና ደገፍኳቸው። ሲከብዱኝ ተሰማኝ፤ ከዚያ ጮኹ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» አሉ። ጆሮው የማይሰማ ሰው ሲጮኽ ድምፁን አይመጥንም። መንገዱ በሙሉ ሰማ። ወይዘሮ አልማዜም አብረዋቸው ጮኹ፣ የዛሬ ለቅሶ ይመስል።

ያን ጊዜ በሮች መከፈት ጀመሩ። ከጠዋት ጀምሮ በደጃቸው ሲያልፍ ዞር ብሎ ያላያቸው ሰው ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። የልጅ እናቶች ልጃቸውን እንዳዘሉ መጡ። የዕድሩ ሰዎች፣ ያን ማለዳ አብረውኝ ብርድ የመታቸው፣ እየሮጡ መጡ። እንኳን ደህና መጡ ያላላቸው ሰፈር ከበባቸው፣ ደረታቸውን ሲመቱ እጃቸውን ያዛቸው፣ እግዜር ያጽናዎት አላቸው።

ስለ ታይመሩ ገና ለማንም አልነገርኩም ነበር። የጠየቀም የለም።